የዕቅድ ውይይት፦ እናቶቻችን ምርጫ ጣቢያ ብቻቸውን እንዳይቀሩ

ጸሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለማኅበራችን ቦርድ የምናቀርበው ረቂቅ ይኸው፦ «በ1965ቱ የአሜሪካ የመምረጥ መብት ሕግ መሠረት ካውንቲው (ምርጫውን የሚያካሂደው የአካባቢ አስተዳደር) የምርጫ ወረቀት በአማርኛ እንዲያዘጋጅልን እንጠይቅ።» እስከ እሑድ አስተያየታችሁን ጻፉ። ዓመታቱን በፈረንጆቹ እንያዝ።

የሕግ ጉዳዮች፦ እህቴ፣ በዚህ ከሄድን በር ላይ ነው የሚመልሱን። በ1975 የተጨመረው የቋንቋ አንቀጽ፣ 203፣ የሚሸፍነው ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ የእስያ ዝርያ ያላቸውን፣ የአሜሪካና የአላስካ ነባር ሕዝቦችን ነው። አማርኛ የለበትም። ዋሽንግተን ዲሲ አማርኛ የምትጠቀመው በ2004 ባወጣችው በራሷ ሕግ ነው። እኛ ግን ቴክሳስ ነን። የሚያዋጣን በ1982 የገባው አንቀጽ 208 ነው። ማየት የተሳነው፣ አካል ጉዳት ያለበት ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል መራጭ ራሱ የመረጠው ሰው ያግዘዋል ይላል። እንግሊዝኛ ለማያነብም ይሠራል።

አባል፣ የሴቶች ክፍል፦ ይህን ባለፈው ምርጫ ባውቅ ኖሮ! እማዬን ይዣት ሄድኩ። ነጠላዋን አስተካክላ፣ መታወቂያዋን በመሐረብ ጠቅልላ። አንዷ ሠራተኛ «አንቺ ውጪ ጠብቂ» አለችኝ። በመስታወቱ አያታለሁ። ስክሪኑ ፊት ቆማ ዞር እያለች ትፈልገኛለች። መኪና ውስጥ ገብተን «ልጄ፣ ማንን እንደመረጥኩ አላውቅም» አለችኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የሕግ ጉዳዮች፦ አይዞሽ እህቴ። በ2014 ዊሊያምሰን ካውንቲ የሆነው ከዚህ ጋር አንድ ነው። ቤንጋሊ ተናጋሪ እናት ከልጃቸው ጋር ሄዱ። ልጁ «ላስተረጉምላት ነው» አለ። የቴክሳስ ሕግ ደግሞ አስተርጓሚ በዚያው ካውንቲ የተመዘገበ መራጭ መሆን አለበት ይል ነበር። እሱ የተመዘገበው ጎረቤት ካውንቲ ነው፤ ከለከሉት። በ2017 የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት ያ የቴክሳስ ሕግ ከ208 ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ። እገዛው ማሽኑ ፊት ብቻ አይደለም፣ ድምፁ እንዲቆጠር የሚያስፈልገውን ሁሉ ይጨምራል አለ። እናትየው ፍርዱን ሳያዩ ነው ያረፉት።

ሰብሳቢ፦ ልጆቼ፣ ይህ ሕግ በነጻ አልተገኘም። ማርች 7 ቀን 1965 አላባማ ውስጥ ሴልማ ከተማ ድልድይ ላይ ጥቁር አሜሪካውያን በቆመጥና በአስለቃሽ ጭስ የተደበደቡት ለዚህ ነው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፈረሙት ኦገስት 6 ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ከዚያ በፊት ከ100 ጥቁር 7 እንኳ አልተመዘገበም ነበር። በ1967 ወደ 60 ተጠጋ። የፕሮፖዛላችን የመጀመሪያ አንቀጽ እነሱን ያመስግን።

የወጣቶች ክፍል፦ ጋሼ፣ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ቴክሳስ ከ1975 ጀምሮ የምርጫ ሕጓን ስትቀይር አስቀድማ ፌዴራል መንግሥቱን ማስፈቀድ ነበረባት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 በሸልቢ ካውንቲ ጉዳይ 5 ለ4 ያንን አስቀረው። በዚያው ቀን ቴክሳስ የፎቶ መታወቂያ ሕጓን ሥራ ላይ አውላለሁ አለች። አሁን ቀድሞ የሚያጣራ የለም። ስለዚህ የተከለከለ ሰው ሲኖር ቀኑን፣ ሰዓቱንና ጣቢያውን የምንጽፍበት መዝገብ ይኑረን። እንደ እትዬ ያለው ነገር መኪና ውስጥ መቅረት የለበትም።

አባል፣ ባለ ሬስቶራንት፦ ቫኔን እሰጣለሁ። የኩሽና ሠራተኞቼንም እኔው አግዛለሁ።

የሕግ ጉዳዮች፦ ቫኑን እግዜር ይስጥልን። ሠራተኞችዎን ግን አይችሉም፤ 208 አሠሪን ይከለክላል፣ የሠራተኛ ማኅበር ሹምንም። እነሱን ልጆቻቸው ያግዟቸው፣ እርስዎ የሌላ ሰው እናት ይርዱ። ደግሞ አጋዥ ማንን ምረጪ አይልም። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው፣ ዜግነት ያላገኘ ሰው እንዳይመዘገብም አጥብቀን እንንገር፤ መዘዙ ከባድ ነው።

ጸሐፊ፦ ረቂቁን እንዲህ ቀየርኩት፦ «ማኅበሩ 20 አጋዦችን ያሠለጥናል። ከምርጫው በፊት ለካውንቲው ምርጫ ቢሮ ደብዳቤ ጽፎ ሠራተኞቹ 208ን እንዲያውቁ ይጠይቃል። የቅሬታ መዝገብ ይከፍታል። በቴክሳስ ምዝገባ የሚዘጋው ምርጫው 30 ቀን ሲቀረው ስለሆነ ሥራው ከዚያ በፊት ይጀምራል።» ካውንቲው የአማርኛ ወረቀቱን በፈቃደኝነት እንዲያዘጋጅ መጠየቃችንን ግን አልተውኩም፤ በሕግ ባይገደድም እሺ ሊል ይችላል። አሁን የ208ን ቃል በኪስ በሚያዝ ካርድ ላይ በሁለቱም ቋንቋ የሚያዘጋጅ ሰው እፈልጋለሁ።

አባል፣ የሴቶች ክፍል፦ እኔ እሠራዋለሁ። አማርኛውን እማዬ ታነበዋለች፤ ያልገባትን ቃል እቀይራለሁ። ሐሙስ ይደርሳችኋል።