ከዛፍ ውሃ አረቄ ይወጣል እንዴ?

የጠባሴው፦ ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ፣ ቨርሞንት ያለ የአክስቴ ልጅ እዚያ ሜፕል ከሚባል ዛፍ ከሚንጠባጠብ ውሃ ቮድካ ያወጣሉ አለኝ። እኔ ደብረ ብርሃን ከአረቄ አውጪዎች ጎረቤት ነው ያደግኩት፣ ያለ ጌሾና ብቅል አረቄ ሰምቼ አላውቅም። እየቀለደብኝ ነው? እውነት ከሆነስ እንዴት ነው የሚሰራው?

ኬሚስቷ፦ አልቀለደብህም። አልኮል የሚሆነው ስኳር ነው፣ ስኳሩ ከየት እንደመጣ እርሾው አይጠይቅም። የኛ ገብስ ስታርች ነው፤ ወደ ስኳር የሚቀይርልን ብቅሉ ነው። የሜፕሉ ውሃ ግን ከዛፉ ሲወጣ ስኳሩን ይዞ ስለሚመጣ ብቅል አይፈልግም። ችግሩ መቅጠኑ ነው። ስኳሩ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ ብትቀምሰው ውሃ ነው የምትለው። እንዲሁ ብትጠነስሰው አልኮሉ ከ1 በመቶ ብዙም አያልፍም፣ ለዚያ ማገዶ የሚያቃጥል ደግሞ የለም። ስለዚህ አስቀድመው አፍልተው ውሃውን ያተኑታል። ሽሮፕ እስኪሆን ከሄዱ 40 ሊትሩ ወደ 1 ሊትር ይወርዳል፤ ለመጠጥ ግን ያን ያህል ከወፈረ እርሾው አይሰራም፣ መልሶ ማቅጠን ይፈልጋል። ከዚያ እርሾ ይገባል፣ ይብላላል፣ ይወጣል። ከ100 ሊትር የዛፍ ውሃ 2 ኪሎ ስኳር ነው የምታገኘው፣ ቢሳካልህ ሁለት ሊትር ምናምን ጠንካራ መጠጥ ነው። ውድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

መንዜ፦ ዛፉን እንዴት ነው የሚያልቡት? 😂

ኬሚስቷ፦ ግንዱን ትንሽ ይበሱትና ቧንቧ ሰክተው ባልዲ ያንጠለጥሉበታል፣ ወይ በረጅም ጎማ ይስቡታል። የሚፈሰው ክረምታቸው ሲያልቅ፣ የካቲትና መጋቢት አካባቢ፣ ሌሊት ውርጭ ሆኖ ቀን ሲሞቅ ነው።

መንዜ፦ ውርጩማ እኛም ጋ ሞልቷል። ዛፉ ነው እንጂ የጠፋው። በባህር ዛፍ እንሞክረው?

ኬሚስቷ፦ የባህር ዛፍ አረቄ ለጉንፋን ታጥነህበት ካልሆነ 😅

የእማማ ልጅ፦ እናቴ አረቄ ስታወጣ ስረዳት ነው ያደግኩት፣ ማውጣቱ ላይ ከኛ ብዙም አይለይም። እኛ ጌሾና ብቅሉን ጠንስሰን፣ ቂጣ ጋግረን ፈርፍረን እንጨምርና ድፍድፉ ሲደርስ እንስራ ላይ እንጥደዋለን። አፉ ይመረጋል፣ እንፋሎቱ በሸንበቆ ሄዶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ይጠራቀማል። እሳቱ ከበዛ ድፍድፉ ገንፍሎ ሸንበቆው ውስጥ ይገባል፣ አረቄውም ያርራል፤ ሙያው እሳት መያዝ ላይ ነው። ዳግም የሚባለው ደግሞ የወጣውን ተራ አረቄ መልሶ ማውጣት ነው፣ እሱ ነው ጉሮሮ የሚልጠው። የዛፉ ግን አተላ ስለሌለው ከብቶቹ ምን ይጠጡ?

የጠባሴው፦ ሃሃ፣ ለላሞቹ ስላሰብሽ እናመሰግናለን። ልጁ ቤቱ ሊሞክር ነው መሰለኝ፣ ምን ልበለው?

ኬሚስቷ፦ ተው በለው። እዚያ ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ ማውጣት ሊያስከስሰው ይችላል፣ እንፋሎቱም እሳት ይይዛል። ከሱቅ አንድ ጠርሙስ ገዝቶ ይላክልህና ከደብረ ብርሃኑ ጋር አስተያይተህ ንገረን።