በ1.05 ዲግሪ ባንዱ ጠፍጣፋ አልሆን አለኝ፣ ነገ ጠዋት ነው የማቀርበው

ማራኪ 2፦ ጎንደር ያላችሁም የሌላችሁም፣ ፊዚክስ የምታውቁ ድረሱልኝ። ሁለት የግራፊን (የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን) ንጣፍ ተደራርቦ አንዱ ሲዞር የሚወጣውን ባንድ (ኤሌክትሮኖች ሊይዙት የሚችሉትን ኃይል የሚያሳየውን መስመር) በቢስትሪትዘርና ማክዶናልድ ሞዴል እያሰላሁ ነው። ኮዱ ይሠራል፣ ስህተት አይልም። ግን መሃል ያሉት ሁለት ባንዶች ዳገትና ቁልቁለት ሆነው ይወጣሉ። ሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ የሚያስተላልፍ) መሆኑን በዚህ ሥዕል ነው ነገ 3 ሰዓት የማሳየው። መብራት ሄዷል፣ ባትሪው 40 በመቶ ነው።

የአዘዞው፦ ማዕዘኑን ወደ ራዲያን ቀይረሃል? ፓይተን 1.05 ብለህ ስትሰጠው 60 ዲግሪ አድርጎ ነው የሚወስደው።

መምሬ ኳንተም፦ ልጄ፣ ቀድሞ ነገሩ ይግባህ። ሁለት ነጠላ ደርበህ አንዱን ጥቂት ብታዞረው ከድርና ማጉ እጅግ የሰፋ ሌላ ጥልፍልፍ ይታይሃል፤ ሞዋሬ የሚሉት እሱን ነው። ግራፊን በየ0.246 ናኖሜትር ሲደጋገም፣ ሞዋሬው በ1.05 ዲግሪ በየ13.4 ይደጋገማል። ቢስትሪትዘርና ማክዶናልድ ጠፍጣፋውን ባንድ በ2011 ተነበዩ፤ በ2018 የኤምአይቲው የሀሪዮ ኤሬሮ ቡድን በ1.7 ኬልቪን ሱፐርኮንዳክተርነቱን አሳየ...

ማራኪ 2፦ ጋሼ፣ እሱን መግቢያው ላይ ጽፌዋለሁ። ራዲያንም ቀይሬያለሁ። በአንዱ ንጣፍ የኤሌክትሮኑ ፍጥነት በሰከንድ 1 ሚሊዮን ሜትር፣ የንጣፎቹ ትስስር 110 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት።

አራዳ፦ ቋሚው አክሲስ ከስንት እስከ ስንት ነው? ከ−10 እስከ 10 ሚሊ ከሆነ እኮ ጉብታውም ራስ ደጀን ይመስላል 😂

ማራኪ 2፦ እኔ አልወሰንኩትም፣ ራሱ ነው የመረጠው። ሁለቱን ባንዶች ብቻ ነው የሳልኩት።

ወለተ ግራፊን፦ አራዳ እየቀለደ አገኘው። ሁለት ባንድ ብቻ ስትስል ማትፕሎትሊብ (የፓይተኑ ሥዕል መሳያ) እስከ ጥግ ይለጥጣቸዋል። አጎራባቾቹን ባንዶች ጨምርና ከ−200 እስከ 200 አድርገው።
ግን ቁጥሮችህም አይገጥሙም። በአንተ ፍጥነት ኤችባር (የፕላንክ ቋሚ ለ2π ተካፍሎ) በፍጥነቱ ሲባዛ 0.658 ኤሌክትሮን ቮልት ናኖሜትር ነው። የሁለቱ ንጣፎች የኬ ነጥቦች (የየንጣፉ ባንዶች የሚነካኩባቸው የሞመንተም ቦታዎች) በ1.05 ዲግሪ የሚራራቁት በ0.312 ነው፣ አሃዱ አንድ በናኖሜትር። ብዜቱ 205 ሚሊ። 110 ለ205 ሲካፈል 0.54፤ ባንዱ እንዲጠፈጠፍ የሚፈለገው ግን 0.58 አካባቢ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሮኑ ፍጥነት፣ ማለትም የባንዱ ዳገትነት፣ ከነበረው ወደ 5 በመቶው ወረደ እንጂ አልጠፋም። ወይ ማዕዘኑን ወደ 0.97 አውርድ፣ ወይ 1.05ን ይዘህ በ0.658 ፋንታ 0.525 አስገባ፣ ትስስሩንም ለየው፦ ኤኤ (አቶም በአቶም ላይ የተደረበበት) 79.7፣ ኤቢ (ተዛንፎ የተደረበበት) 97.5 ሚሊ። አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ አትቀላቅል፣ እዚያ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። 61 የሞዋሬ ቬክተር (በስሌቱ የሚገቡ የሞመንተም ነጥቦች) ይበቃል፤ ማትሪክሱ 244 በ244 ነው፣ ባትሪህ ይችለዋል። በ37 ሠርተህ ባንዱ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ እሱም ይበቃሃል።

ቀሃ፦ ቢጠፈጠፍስ? ይኼ የአንድ ኤሌክትሮን ስሌት ነው፣ ሱፐርኮንዳክተርነት ከየት ይወጣል? ማለት የምትችለው ይህን ብቻ ነው፦ በ13.4 ናኖሜትር ርቀት የሁለት ኤሌክትሮን መገፋፋት በባዶ ቦታ 107 ሚሊ ነው፤ ዙሪያው ያለው ቁስ አሥር እጥፍ ቢያዳክመው እንኳ 10 ገደማ ይቀራል፣ ባንዱ ግን ከዚያ ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ መገፋፋቱ ያሸንፋል። በአንድ የሞዋሬ ክፍል 2 ኤሌክትሮን ሲጨመር ኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ) የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ በባንድ ስሌት ቢሆን 4 ሳይሞላ አይሆንም ነበር። የስላይዱን ርዕስ ቀይር፣ ፈታኝ እዚያ ላይ ነው የሚይዝህ።

መምሬ ኳንተም፦ እኔም ወደዚያው ነበር የምመጣው።

ወለተ ግራፊን፦ ማራኪ፣ ወጣልህ?

የቀበሌው፦ ራዲያኑን አይተኸዋል ግን?