«ዛገ» ወይስ «አዛገ»? ስብን ኦክሳይድ የሚያደርጉ ኢንዛይሞችን በአማርኛ መግለጽ

ተርጓሚዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ልብና ደም ሥር ሕመም የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ «ስብን ኦክሳይድ የሚያደርጉ ኢንዛይሞች ለአተሮስክለሮሲስ መፈጠር ያላቸው ድርሻ» የሚል ሐረግ ላይ ተገትሬያለሁ። ባልደረባዬ አተሮስክለሮሲስን «የደም ሥር መደደር»፣ ኦክሳይድ ማድረግን ደግሞ «ማዛግ» በይው ይለኛል። እናንተስ?

ፊደል ቆጣሪ፦ «ደም ሥር» በጣም ሰፊ ነው። ሕመሙ በዋናነት የደም ቅዳ እንጂ የደም መልስ አይደለም። «መደደር» ደግሞ የስሙን ግማሽ ብቻ ነው የሚይዘው። በግሪክ «አቴሬ» አጥሚት ወይም ቀጭን ገንፎ ማለት ነው፤ «ስክሌሮሲስ» መጠጠር። ሁለቱን ያጋባቸው ጀርመናዊው ሐኪም ፊሊክስ ማርሻንድ ነው፣ በ1904 እ.ኤ.አ.። የታመመው ደም ቅዳ ሲቀደድ በውስጡ የሚገኘው ቢጫማ ዝቃጭ በእርግጥም አጥሚት ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ጉዱን የሚያፈላው ይኸው ለስላሳው ክፍል ነው፤ የላይኛው ሽፋን ሲቀደድ ደም ይረጋበትና መንገዱን ይዘጋል። ባልደረባሽ «መደደር» ሲል ይህንን ጥሎታል።

ሰዋሰው፦ «ዛገ» ለብረት ነው፣ አበቃ። ቅቤ ለጋ ነው ወይ በሳል ነው፤ ዘይት ከረፋ ይባላል። ቅቤ ዛገ ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ነጭ ጋውን፦ ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን በላቦራቶሪ የጨረስኩ ሰው ነኝና ትንሽ ልበል። የበሰለ ቅቤ ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ቅባቱ ተሰባብሮ ከሚወጣ አሲድ ነው፤ ኦክሲጅን ዋናው ተዋናይ አይደለም። የኑግ ዘይት የተሻለ ምሳሌ ይሆናችኋል። አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፣ እሱ ደግሞ ኦክሲጅን ሲያገኝ አይለቅም። ኮሌስትሮል ተሸካሚው ኤልዲኤልም ይኸንኑ አሲድ በብዛት ይዞ ይዞራል።

ጠርሙስ ውስጥ ያለ ዘይት ሲከርፋ ማንም አልነካውም። በደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ ግን ነካኪ አለ። አንዱ ላይፖክሲጂኔስ ነው፤ በውስጡ ብረት አለው፣ ኦክሲጅን ይዞ የቅባቱን ሰንሰለት ላይ ይተክላል። ከስሙ ጋር የምታዩት 12 ወይም 15 የሚነግረን ስንተኛው ካርቦን ላይ እንደሚተክል ነው። ሌላው ማይሎፐርኦክሲዴስ ይባላል። የነጭ የደም ሕዋሳት መሣሪያ ሲሆን ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ከክሎራይድ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይሠራል፤ ቤታችሁ ያለው የበረኪና ዘመድ ማለት ነው። የዚህ አሲድ አሻራ ከታመመ የሰው ደም ቅዳ በወጣ ኤልዲኤል ላይ ተገኝቷል።

ሰዋሰው፦ እንግዲህ ጨዋታው ግሡ ላይ ነው። «ዛገ»፣ «ተበላሸ»፣ «ከረፋ» አድራጊ አይፈልጉም። ኢንዛይም ሲኖር ግን «አዛገ»፣ «አበላሸ» ማለት የግድ ነው። ጋሼ፣ ይህን ከፍተውልኛል።

ተርጓሚዋ፦ ታዲያ «ስብ አበላሺ ኢንዛይሞች» ልበል?

ነጭ ጋውን፦ ኧረ ቀስ በይ የኔ ልጅ። እንዲህ ካልሽ ገና ከስሙ ፈረድሽባቸው። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት 12/15 ላይፖክሲጂኔስ የሌላቸው አይጦች የደም ቅዳ ቁስላቸው ቀንሶ ነበር። ከዚያ በፊት በ1996 ግን ማክሮፋጆቻቸው፣ ማለትም ባዕድ ነገር የሚውጡ ነጭ የደም ሕዋሳታቸው፣ 15 ላይፖክሲጂኔስን በብዛት እንዲያመርቱ የተደረጉ ጥንቸሎች ከሕመሙ በተወሰነ ደረጃ ተጠብቀው ተገኝተዋል። ያው ኢንዛይም ቁጣን፣ እናንተ ኢንፍላሜሽን የምትሉትን፣ የሚያበርዱ ነገሮችም ይሠራል። በዚህ ላይ ኦክሳይድ መሆንን በቫይታሚን ኢ እንግታ ተብሎ ከ9,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት፣ ውጤቱ በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመው ሙከራ፣ የልብ ሕመም አልቀነሰም። ስለዚህ «ድርሻ» የሚለውን ቃል አትንኪው። «መንስኤ» ብለሽ እንዳትለውጪው።

ፊደል ቆጣሪ፦ «ኦክሳይድ አድራጊ» ይሁን ባይ ነኝ። ኦክሲጅንን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለባዕድ ቃል ሁሉ ግዕዝ ካልፈለፈልን የምንል ሰዎች አንዳንዴ አንባቢውን እንረሳዋለን። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ፣ አትቆጡ።

ተርጓሚዋ፦ እሺ፣ እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «ስብን ኦክሳይድ አድራጊ ኢንዛይሞች በደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ ስብ ተከማችቶ እንዲጠጥር ያላቸው ድርሻ»። አተሮስክለሮሲስ የሚለውን ስም መጀመሪያ ላይ አንዴ አስገባዋለሁ። አንድ ቀረኝ፤ ማክሮፋጅ ስብ ጠጥቶ ሲያብጥ ምን እንበለው? «የአረፋ ሕዋስ»?

ነጭ ጋውን፦ «አረፋማ ሕዋስ» በይው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በስብ ጠብታ ተሞልቶ አረፋ ይመስላል እንጂ ከአረፋ የተሠራ አይደለም። «ጠጥቶ» ያልሽውን ግን «ውጦ» አድርጊው። ደግሞ ማክሮፋጅ ኤልዲኤልን እንዳለ ብዙም አይውጥም፤ አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ጎልድስቲንና ብራውን በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ይኽንን ነው፣ መልኩ ሲለወጥ ነው የሚያግበሰብሰው። ስለዚህ «መልኩ የተለወጠ ኤልዲኤል ውጦ» ብለሽ ጻፊ።

ተርጓሚዋ፦ «የሚያግበሰብሰው»ን ወሰድኩት ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።