የመጀመሪያ ካሜራ፦ 2000ዲ፣ ዜድቪ-ኢ10 ወይስ አር50?

የጣፎው፦
ሰላም ወገኖች። ለፎቶም ለቪዲዮም የሚሆን የመጀመሪያ ካሜራ ልገዛ ነው። ላሊበላና ሰሜን ተራሮች፣ ከተቻለም ዳሎል ይዤው ስለምሄድ ባይከብድ ይሻላል። አንድ ሱቅ ካኖን 2000ዲ ከሁለት ሌንስ ጋር አቅርቦልኛል። በዚያው ብር ያገለገለ ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 አለ። ካኖን አር50 ትንሽ ይወደዳል። ለገጣፎ መብራት እንደምታውቁት ነው፤ የቻርጁንም ነገር አስቡልኝ።

ሰበታ ፎቶ፦
ወንድም፣ ለፎቶ ብቻ ቢሆን 2000ዲን አልቃወምም ነበር። ቪዲዮው ግን ከ1080 (ፉል ኤችዲ) አያልፍም፣ የማይክ መሰኪያ የለውም፣ ስክሪኑ አይዞርም። ከሁሉ የከፋው፣ እየቀረጽክ ሰው ሲንቀሳቀስ ፎከሱ አይከተለውም። ሁለተኛው ሌንስ እንዳያታልልህ።

እኔ ዜድቪ-ኢ10 እላለሁ። 343 ግራም ነው፣ 4ኬ (ከ1080 ይበልጥ የጠራ ቪዲዮ) ይቀርጻል፣ የማይክም የኢርፎንም መሰኪያ አለው፣ በዩኤስቢ-ሲ ከተራ ፓወር ባንክ ይሞላል። ባትሪው ትንሽ ስለሆነ ግን ቢያንስ ሦስት ያዝ። ዳሎል ላይ እንዳይጠፋብህ ሜኑ ውስጥ በሙቀት የሚጠፋበትን ደረጃ ወደ ከፍተኛ ቀይረው፤ ስክሪኑንም ከቦዲው ገልብጠህ አርቀው።

ሜሞሪ ላይ አትቆጥብ፤ ቪ30 (የመጻፊያ ፍጥነቱ ምልክት) የሚል ጽሑፍ ያለበትን ግዛ። በ100 ሜጋቢት 4ኬ ስትቀርጽ በሰዓት 45 ጊጋ ያህል ይበላል፤ 64 ጊጋ ካርድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ቢወስድህ ነው። ፎርጅድ ካርድ ብዙ ነው። ከጉዞ በፊት እስኪሞላ ፋይል ገልብጥበትና መልሰህ እያንዳንዱን ክፈተው፤ ፎርጅዱ መጨረሻ ላይ የገባውን ያበላሻል።

የሱሉልታዋ፦
ሰበታ ፎቶ አንድ ትልቅ ነገር ዘለለ፦ ዜድቪ-ኢ10 በዓይን የሚታይበት መስኮት የለውም። ሰሜን ተራሮች ላይ በቀትር ፀሐይ ስክሪኑን ማየት መከራ ነው። አር50 ግን አለው፣ 4ኬውም ጎኑ ሳይቆረጥ ይወጣል። ሶኒው በ4ኬ 30 ፍሬም (በሰከንድ 30 ምስል) ሲቀርጽ ጎኑን ስለሚቆርጥ ራስህን በእጅህ ይዘህ ከቀረጽክ ፊትህ ስክሪኑን ይሞላዋል። አር50 የሚሞላው ፒዲ (በዩኤስቢ-ሲ የሚሰጥ ፈጣን ቻርጅ) በሚደግፍ ፓወር ባንክ ብቻ ነው፤ ቤት ያለው አሮጌው አይሠራለትም።

የትኛውንም ብትገዛ ቦዲው ውስጥ የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ የለም። ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ አብሮት የሚመጣው ሌንስ ይጨልማል፤ ስለዚህ ከሁለተኛ ዙም ይልቅ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ኤፍ 1.8 ቋሚ ሌንስ (ዙም የሌለው) አስቀድም።

ደግሞ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ቤት ውስጥ ቪዲዮው ላይ ጥቁር ሰንበር ከታየህ ሸተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርገው፣ ካለው ሲስተሙን ፓል (50 ኸርዝ መብራት ላለባቸው አገሮች የሚሆነው) ላይ አድርግና በ25 ፍሬም ቅረጽ። ሜኑውን ሳትከፍል እዚያው ሱቅ እየው፤ ለሌላ አገር የተሠራ ከሆነ ፓል ላይኖረው ይችላል።

ገላን 50ሚሜ፦
ያገለገለ ከሆነ ሌንሱን ኤፍ 16 (ጠባብ ቀዳዳ) ላይ አድርገህ ነጭ ግድግዳ አንሳና አጉልተህ እየው። ጥቁር ነጥብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ፤ በእጅ መንፊያ ከለቀቀ ችግር የለም፣ በአፍ ግን አትንፋ፣ ምራቅ ይቀራል። ከዚያ ሌንሱን አውልቀህ በስልክ መብራት ከኋላ ወደ ፊት እየው፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው፣ በርካሽም አትግዛ። ክረምት ላይ ከቆዳ ቦርሳ አውጥተህ ክዳኑ ግጥም በሚል ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከጫማ ካርቶን ከሚወጣው የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር አስቀምጠው።

የጣፎው፦
አመሰግናለሁ። ማይኩስ? ዜድቪ-ኢ10 ላይ ያለው አይበቃም?

ሰበታ ፎቶ፦
ለቅርብ ንግግር ይበቃል፤ ፀጉራሙን የነፋስ መከላከያ ካደረግህበት ውጭም ይሠራል። ያገለገለ ሲሸጥ ግን መጀመሪያ የሚጠፋው ይሄ መከላከያ ነው፤ ካሜራው ላይ ተሰክቶ አሳየኝ በለው።