ለገና እናታችን ማን ጋ ትዋል? (ለንደን፣ ታህሳስ 27 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በኮሮና ጊዜ የተደረገ ውይይት፤ ሕጎቹም የዚያን ጊዜ ናቸው)

የቶተንሃሟ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን አዲሱን የኮሮና ሎክዳውን (ከቤት ያለመውጣት ሕግ) ሲያውጅ ሰምታችኋል። ገና ሐሙስ ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት፣ የምትኖረው ብቻዋን ነው። እኔ ባልና ሁለት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ አውቶቡስ ነጂ ነው። ወንድሜ ደግሞ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ቤት ተጋርቶ ይኖራል። ሁለታችንም «እማዬ እኔ ጋ ትዋል» እያልን ነው፤ ነገሩ ወደ ኩርፊያ እየሄደ ነው። ሕጉ ምን ይላል? የሌሊቱን ማኅሌትም ካልሄድኩ ብላለች። ዶሮ ሠርቶ ማድረስስ ይቻላል?

የብሪክስተኑ፦
ሰፖርት ባብል (የድጋፍ ጥምረት) የሚባለው የተፈቀደው ለእናትሽ ዓይነት ሰው ነው። በዚህኛው ሎክዳውንም አልተነሳም። ብቻውን የሚኖር አዋቂ ከአንድ ሌላ ቤት ጋር ይጣመራል፤ ከዚያ በኋላ እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጠራሉ። አብሮ መብላትም ማደርም ይቻላል። ግን አንድ ቤት ብቻ ነው። ገናን አንቺ ጋ፣ ቅዳሜን ወንድምሽ ጋ የሚባል ነገር የለም። መቀየር ካስፈለገ ከመጨረሻው ግንኙነት በኋላ 10 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። እስካሁን ከማናችሁም ጋር ባብል አልያዘችም?

የቶተንሃሟ፦
አልያዘችም። እስካሁን አስቤዛ በር ላይ እያስቀመጥን ነበር።

ሽሮ ፈሰስ፦
ኧረ ተዉ እንጂ! በዓመት አንዴ ለሚመጣ በዓል! መጋረጃውን ዝጉና ሁላችሁም ተሰብስባችሁ ብሉ። ማን ያያል?

የብሪክስተኑ፦
ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ 200 ፓውንድ ነው፤ በየጊዜው እጥፍ እየሆነ እስከ 6,400 ይደርሳል። አንተ ትከፍልላቸዋለህ?

ሌሊት ተረኛ፦
ቅጣቱን ተዉት። እኔ ነርስ ነኝ፣ አሁን ከሥራ መግባቴ ነው። ሽሮ ፈሰስ፣ ዎርዳችንን ብታየው እንዲህ አትልም ነበር።

እህቴ፣ የጋራ ቤት የሚቆጠረው እንደ አንድ ቤት ነው። እናትሽ ከወንድምሽ ጋር ባብል ከያዘች ከሦስቱ ጓደኞቹም ጋር ያዘች ማለት ነው። እነሱም ከሌላ ሰው ጋር ባብል ሊኖራቸው አይችልም። ይስማማሉ? የት ነው የሚሠሩት? ባልሽም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ነው የሚውለው፣ ስለዚህ ያንቺም ቤት ከስጋት ነፃ አይደለም። እኔ ብሆን ግን ያንቺን እመርጣለሁ፤ አራት አዋቂ ከአራት አቅጣጫ ከሚገባበት ቤት ይሻላል።

ከመጣች ባልሽ ከሥራ ሲገባ እጁን ታጥቦ ልብሱን ይቀይር። መስኮት ክፈቱ፣ ብርዱን በጋቢ ቻሉት። በአንድ ትሪ አትብሉ፣ ለየሰዉ በየሳህኑ ይውጣ። ጉርሻም ለዘንድሮ ይቅር፤ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሳል ወይም ትኩሳት ያለበት ካለ ሁሉም ነገር ይሰረዝ። የቁሌቱ ሽታ ያልመጣለት ሰው ካለ ደግሞ ቀጥታ ወደ ምርመራ! ሌላው፣ እናትሽ ከኤንኤችኤስ (ከመንግሥት የጤና አገልግሎት) ለበሽታው በጣም ለተጋለጡ ሰዎች የሚላከው «ከቤት አትውጡ» የሚል ደብዳቤ ደርሷት እንደሆነ አረጋግጪ። ከደረሳት ማኅሌቱ ይቅርባት።

እማማ ቡና፦
ልጄ፣ ሁለታችሁ ስትጓተቱ እሷን ጠይቃችኋታል? እኔም እኩያዋ ነኝ። የእኔዎቹ በስልክ ተሰብስበው ከወሰኑልኝ በኋላ ነው የነገሩኝ። በጣም ነው የከፋኝ።

ቤተ ክርስቲያን በሕግ አልተዘጋም። ግን እንደየደብሩ ነው፣ ደውላችሁ ጠይቁ። የእኛ ቀድሞ የተመዘገበ ብቻ ነው የሚያስገባው። በማስክ ነው፣ ተራርቆ ነው፣ መስቀል መሳለም የለም። ከቅዳሴ በኋላ ቆሞ መጫወትም ክልክል ነው። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ከአገር ቤት በቀጥታ የሚተላለፈውን እከታተላለሁ። ኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ስለምትቀድመን እንቅልፍም አያመልጠኝም።

የብሪክስተኑ፦
ወንድምሽም ጨርሶ አይቀርበትም። ለእንቅስቃሴ ተብሎ ከቤት ውጭ ከአንድ ሰው ጋር መገናኘት ተፈቅዷል። መናፈሻ ይዟት ይዙር፤ አንድ ለአንድ፣ 2 ሜትር ተራርቀው። ቁጭ ብሎ መብላት ግን አይቻልም። ዶሮውን ባልሽ ወደ ሥራ ሲያልፍ በሩ ላይ አስቀምጦለት ይሂድ። ሀበሻ ሱቆች ምግብ ስለሚሸጡ አይዘጉም፤ እንጀራውን ግን ዛሬውኑ እዘዢ፣ ረቡዕ ሰልፍ ነው የሚሆነው።

የቶተንሃሟ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እማዬን ጠየቅኳት። ደብዳቤ አልደረሳትም፣ ግን ማኅሌቱን ራሷ ተወችው። «ሌሊቱን ቤቴ እሰማለሁ፣ ጠዋት አንቺ ጋ እመጣለሁ፣ ዶሮውን ግን እኔ ነኝ የምሠራው፤ ያንቺ ሽንኩርት አይበስልም» ብላለች። ባሌ ፊት ነው ያለችው! ወንድሜ ከሰዓት መጥቶ በእግር ያዞራታል። ትንሽ ቅር ብሎታል፤ የፈረሰኛው ቁራጭ ለእሱ እንዲቀመጥ አዟል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ንጥር ቅቤ አልቆብኛል፣ የደወልኩባቸው ሱቆችም የላቸውም። ሰሜን ለንደን የት አገኛለሁ?

ሽሮ ፈሰስ፦
ዉድ ግሪን ነኝ። ከአገር ቤት የመጣ አለኝ። አድራሻ በውስጥ ላኪልኝ፣ ነገ በርሽ ላይ አስቀምጬ እደውላለሁ።