ክርክር፦ ቀኑን ሙሉ ሰው በማይውልበት ቤት በቀቀን ማሳደግ ይገባል?

ጠያቂዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አብራኝ የምትሠራ ሴት ወደ ሌላ ስቴት ልትሄድ ነው፤ ለዓመታት ያሳደገችውን ግራጫ በቀቀን፣ አፍሪካን ግሬይ የሚሉትን፣ ከነኬጁ ልስጥሽ አለችኝ። ልጆቼ ይህን ከሰሙ ወዲህ ሌላ ወሬ የላቸውም። እኔና ባለቤቴ ጠዋት ወጥተን ማታ ነው የምንገባው። የምንኖረው አፓርታማ ውስጥ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይሰማናል። ባለቤቴ «ድምፁን እንለምደዋለን» ይላል። እህቴ ደግሞ ወፍ በኬጅ መያዝ ጭራሽ አይገባም ባይ ናት። እናንተስ?

ከዳላስ፦
እህቴ፣ ውሰጂው። እኔም ቤቴ አለኝ። ስለ ጩኸት የሚወራው ለሁሉም በቀቀን እኩል አይሠራም። ኮካቱ እና ማካው የሚባሉት የበቀቀን ዓይነቶች ሲጮኹ ከ100 ዴሲቤል ያልፋሉ፤ እነሱን አፓርታማ ማስገባት ጎረቤትን መበደል ነው። ግራጫው ግን ጠዋትና አመሻሽ ላይ ያፏጫል፣ በቀረው ጊዜ የስልኩን፣ የማይክሮዌቩን፣ የሰውን ድምፅ እየቀዳ ይውላል። አእምሮውስ! አይሪን ፔፐርበርግ የምትባል ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1977 ከሱቅ የገዛችው አሌክስ፣ በ2007 እስኪሞት ድረስ ቀለምና ቅርፅ ይለይ፣ የተወሰኑ ዕቃዎች ሲያሳዩት ስንት እንደሆኑ ይናገር ነበር። ልጆችሽ ከእንዲህ ያለ ፍጥረት ጋር ቢያድጉ ምን ይጎዳል? እህትሽንም በዚሁ ልመልስላት፤ ኬጅ ውስጥ ያደገ ወፍ ቢለቁት የሜሪላንድ ብርድ ይገድለዋል እንጂ ነፃ አይወጣም።

ከሻርጃ፦
ወንድሜ የዳላሱ፣ አሌክስን ካነሳህ ሙሉውን አንሳው። አሌክስ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ሆነው የሚያናግሩት ሰዎች ነበሩት። የእኚህ እናት ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ዝግ ነው።
እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህ ይህን ወፍ ካስኮ ይሉታል። በፊት የነበርኩበት ቤት ሲገዙት ሁሉም ከበውት ቪዲዮ ያነሱት ነበር። ጥቂት ወራት አልፎ ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ። ኬጅ ማጠቡ፣ ፍራፍሬ መቁረጡ፣ ውሃ መቀየሩ በእኔ ላይ ወደቀ። ማጫወቱን ግን በየትኛው ሰዓት? ሥራው መቼ አለቀና! የደረቱን ላባ እየነጨ ራቁቱን ቀረ። ከክፍሉ ስወጣ ይጮኻል፣ ስመለስ ዝም ይላል። እነሱ ኬጁን ጨርቅ ያለብሱታል፤ ይብስበታል። ይህ ወፍ በዱር ከመንጋው ሲነጠል የሚጣራው እንደዚያ ነው። እትዬ፣ ድምፁን መልመዱ ቀላል ነው። ሲጣራ የሚመልስለት ማን ነው?

ከዳላስ፦
ያ የባለቤቶቹ ጥፋት ነው። የሚቆራርጠው እንጨት፣ ምግቡን ፈልፍሎ የሚያወጣበት ሣጥን፣ ማታ ደግሞ ከኬጅ ወጥቶ ከሰው ጋር 2 ወይም 3 ሰዓት ከቆየ ይበቃዋል።

ከሻርጃ፦
ያንን 3 ሰዓት ማን ይሰጠዋል? ከሥራ ደክማ የገባች እናት፣ እራት እየሠራች፣ የቤት ሥራ እያሳየች?

ከሚኒያፖሊስ (የእንስሳት ክሊኒክ ሠራተኛ)፦
ማንም ያላነሳውን ላንሳ፤ የሐበሻን ቤት ጭስ። ወፍ ከሳንባው ሌላ በሰውነቱ ውስጥ የአየር ከረጢቶች አሉት፤ በአየር ላይ ያለ መርዝ ከእኛ ቀድሞ እሱን ይጎዳል። የሚቆላ ቡና፣ ከሰል፣ ዕጣን፣ እኛን እንኳ የሚያስለን የበርበሬ ቁሌት፣ በብርድ ወራት መስኮት ተዘግቶ በአንድ ጠባብ ሳሎን! ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ከልክ በላይ ሲግል ደግሞ እኛ ሳናሸተው ወፉን በደቂቃዎች ሊገድለው ይችላል። በፆም የምንወደው አቮካዶ ለበቀቀን መርዝ ነው፤ ቸኮሌትና ቡናም አይሰጡትም። ልጆች ደግሞ የያዙትን ማጉረስ ይወዳሉ። በሱፍ ፍሬ ብቻ ከኖረ ቫይታሚን ኤ ያጥረዋል። በየሌሊቱ 10 ወይም 12 ሰዓት ያህል የሚቆይ ጨለማና ፀጥታ ይፈልጋል፤ ቴሌቪዥን እስከ እኩለ ሌሊት በሚበራበት ሳሎን ይህን አያገኝም። ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ ትኩሳትና የሳንባ ምች የሚያመጣ ፕሲታኮሲስ የሚባል በሽታም ስላለ ወፉን ሳያስመረምሩ ወደ ቤት ማስገባት አይገባም።
አትውሰጂ አልልሽም። ቡናውንና ዕጣኑን የት ልታደርጊ ነው?

ከአዲስ አበባ፦
እኔ ከእህትየው ጋር ነኝ፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ግራጫው በቀቀን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ደን ወፍ ነው። ለቤት ገበያ እየተጠመደ፣ ደኑም እየተመነጠረ፣ ጋና ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ እንደጠፋ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። የዱር ፍጥረታትን ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይቲስ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ ተሰብስበው፣ ከዱር የተያዘውን በዓለም ገበያ መነገድ እንዲቆም የወሰኑት ለዚህ ነው። ሲናገር የሚያሳይ ቪዲዮ በተቀባበልን ቁጥር ፈላጊውን እናበዛለን። እዚህ አዲስ አበባ ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን ዛፍ ላይ ስትንጫጫ ትታያለች፤ ቢጫ ግንባሩ በቀቀን ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም። ልጆቹ ለዕረፍት ሲመጡ እነዚህን ያሳዩአቸው።

ከዳላስ፦
ይህኛው ግን ከገበያ የሚገዛ አይደለም። ያለ ወፍ ነው፤ አንድ ቤት መግባቱ ግድ ነው። እሷ እምቢ ብትል ወደ ጋና አይመለስም።

ከሚኒያፖሊስ፦
በዚህ ልክ ነህ። ግን ከቤት ወደ ቤት መዞሩም ይጎዳዋል። በአግባቡ ከተያዘ 40 እና 50 ዓመት ሊኖር ይችላል። ባልደረባሽ የምትሰጥሽ ስለምትዛወር ነው። እናንተስ ቤት ብትቀይሩ፣ አገር ቤት ደርሳችሁ ልትመጡ ብትነሱ፣ ልጆቹ ኮሌጅ ሲገቡ፣ አደራውን የምትሰጡት ለማን ነው?

ጠያቂዋ፦
ሁሉንም ለባለቤቴ አነበብኩለት። እሱ አሁንም አልተስማማም፤ «ቡናውን በረንዳ ላይ እናፈላለን» ይላል። እኔን ያሸነፈችኝ የሻርጃዋ ልጅ ናት። ቀን ቀን ቤታችን ሰው የለም፣ በዚህ ላይ ምንም ማድረግ አልችልም። ተረካቢውን ቤት ድረስ ሄደው አይተው የሚሰጡ የወፍ መጠለያዎች መኖራቸውን ባልደረባዬ አታውቅም ነበር፤ ነገ አብረን እንደውላለን። ጡረታ ወጥቶ ቤት የሚውል ሰው ቢያገኝ ይሻለዋል። ለልጆቹ እንዴት እንደምነግራቸው ግን ገና አላወቅኩም።

ከዳላስ፦
እኔ አሁንም ብትወስጂው ደስ ይለኛል። ካልሆነ ግን ባልደረባሽ ስለ ወፉ የምታውቀውን ሁሉ በወረቀት ትጻፍላቸው፤ የሚበላውን፣ የሚፈራውን፣ የሚተኛበትን ሰዓት፣ ሊነክስ ሲል የሚያሳየውን ምልክት። አዲሱ ሰው ይህን ሳያውቅ ከተቀበለው በወሩ ይመልሰዋል።