በሽርሽር ጀልባ ውድድር የገባ አለ?

ሚኪ ዘሺልሾል፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሲያትል ውስጥ አንዲት የድሮ ካታሊና 30 አለችኝ። ባለ ሸራ፣ 30 ጫማ፣ ለሽርሽር የተሠራች። ጎረቤቶቼ ቅዳሜ ለወዳጅነት ውድድር ግባ ይሉኛል። ግን ጓዟ ብዙ ነው፤ ምድጃ፣ ብርድ ልብስ፣ የባለቤቴ ጀበና ሳይቀር። ባለፈው ሞክሬ ሁሉም ጥለውኝ ሄዱ። ስደርስ ምሳቸውን በልተው እቃ እያጠቡ ነበር። ምን ላድርግ?

የጣና ልጅ፦ ሚኪዬ፣ ጀበናዋን እንዳትነካ! መጀመሪያ ከውሃ በታች ያለውን እይ። አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይዟት ከሆነ በስፖንጅ እሸው። የእኔዋ ስትታጠብ ሌላ ጀልባ ነው የሆነችው። የውሃ ጋኑንም አጉድለው፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። የሕይወት አድን ጃኬቶቹን ግን አደራ፣ እንዳታወርድ።

ሶል፦ ሃንዲካፕ፣ ማለትም የጀልባዎችን የፍጥነት ልዩነት በሰዓት የሚያካክስ ስሌት አላቸው? ፒኤችአርኤፍ የሚባለው ስሌት ከሆነ ለዘገምተኛ ጀልባ በየማይሉ የሰከንድ ካሳ አለ። ከአንዱ ጀልባ ጋር ልዩነታችሁ በየማይሉ 60 ሰከንድ፣ መንገዱ 10 ማይል ቢሆን፣ 10 ደቂቃ ዘግይተህም እኩል ናችሁ። ለምሳው ካሳ የለም እንጂ።

የጣና ልጅ፦ ረስቼው፦ እዚያ ውሃው ይሞላል፣ ይጎድላል። ፍሰቱ ከተቃወመህ ወደ ዳር ተጠጋ፤ ጥልቀቱን እያየህ። ደግሞ ነፋስ በግራ ጎንህ ከመጣ፣ በቀኝ ጎኑ ለመጣለት ታሳልፋለህ።

ሚኪ ዘሺልሾል፦ እሱን እኮ ነው ባለፈው የተሳሳትኩት! ሰውዬው ሲጮህብኝ ሰላምታ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩለት።